ተቀበል የሚል ሰው

የሚነጋገሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጎንደር አካባቢ ከአዝማሪ ቤተሰብ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ መጥቶ በአዝማሪ ቤቶች መሰንቆ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሰንቆ የምታጠና፣ ከክፍል ውጪ ደግሞ እሱ ዘንድ እየመጣች የምትለማመድ ልጅ ናት።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ጸደቀልኝ። «መሰንቆን ከመጥፋት ስለ መታደግ» ነው የሚለው።

መሰንቆኛው፦ እንኳን ደስ አለሽ። ግን መሰንቆ መች ጠፋና? የሠርግ ዘፈን ብትከፍቺ መሰንቆ አለበት። ባህላዊ ምግብ ቤት ብትገቢ አለ፤ በበዓል ቀን ቴሌቪዥን ብትከፍቺ አለ። እናንተ ትምህርት ቤት በማዕረግ ያስመርቃል። አባቴ ተነሥቶ ይህን ቢያይ አያምንም።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ምንም የሚጠፋ ነገር የለም ነው የሚሉኝ?

መሰንቆኛው፦ አለ እንጂ። የሚጠፋው ተቀበል የሚለው ሰው ነው።

ተማሪዋ፦ አድማጩ ማለትዎ ነው?

መሰንቆኛው፦ አድማጭማ ሞልቷል። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጸኝ ሰው መች ጠፋ? እኔ የምልሽ ግጥም ሰጪውን ነው። ድሮ ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው አንዱ ከጥግ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ይላል። እኔም መሰንቆውን ሳላቋርጥ «እሺ፣ ልቀበል!» እላለሁ። ሁለት ስንኝ ይሰጠኛል። ተቀብዬ ዜማው ላይ አስቀምጣታለሁ። ሰውየው የገዛ ልቡን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ይሰማዋል፤ ቤቱም አብሮት ይሰማል። ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ነገሩ ነካ ካደረገው መልስ ይሰጣል። እንዲህ እየተባባሉ ያመሻሉ። እኔ መሀል ላይ ሆኜ የሁለቱንም ቃል አመላልሳለሁ።

ተማሪዋ፦ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አያያዙ ነው። ሰውየው አንዴ ነው የሚለው፤ ያውም በጫጫታ መሀል። ሳይሳሳቱ እንዴት ይይዙታል?

መሰንቆኛው፦ መጀመሪያ የምይዘው የስንኙን መጨረሻ ነው። ቤት የምትመታውን ቃል ከያዝሽ የቀረው ይጎተታል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለቴ እለዋለሁ። ሰው ለማሳመር ይመስለዋል፤ እኔ ግን በዚያ መሀል ሁለተኛውን እየፈለግሁ ነው። ጨርሶ ከጠፋኝ ደጋኑን እስከ ጫፉ ስቤ አንድ ዙር እመታለሁ፣ ትንፋሽ እገዛለሁ። ባለቤቴ አብራኝ ስትሠራ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ከበሮዋን ይዛ ሰጪው አጠገብ ሄዳ ትቆማለች፤ እሱ ሲለው እሷ በከንፈሯ እየደገመች ትይዘዋለች። ጆሮዋ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት ግጥሙን የምትሸከመው፤ ስሙ ግን ለመሰንቆኛው ይሰጣል። ይህን ጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢው።

ተማሪዋ፦ አስገባዋለሁ። ግጥሙ ቢሰበርስ? ሁሉም ሰው ገጣሚ አይደለም።

መሰንቆኛው፦ አገር ቤት ያደገ ሰው ሲናገር እንኳ ስንኝ ይወጣዋል። የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ነው፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፤ እናንተ ቆጥራችሁ ትማሩታላችሁ፣ እኛ ግን ሳንቆጥር ነው የምናውቀው። ከጎደለ «ኧረ» እልበታለሁ፣ ወይም ስም እጨምርበታለሁ፤ ከበዛ እውጣለሁ። ሰጪው ሳይታወቀው ግጥሙ ተቃንቶ ይመለስለታል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ካዛንቺስ ሊፈርስ ሰሞን አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ይህን ሰጠኝ፦

ዶዘሩ ሲመጣ ቤቱን እየመታ፣
አዝማሪም አይተኛ ቤት ሳይመታ ማታ።

ተማሪዋ፦ ውይ! ቤት መምታት እና ቤት መምታት።

መሰንቆኛው፦ ቤቱ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ፣ ከዚያ እንዴት እንደ ጮኸ ልነግርሽ አልችልም። እዚያ የተቀመጠው ሰው ግማሹ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ዕቃውን አስሮ የመጣ ነበር። ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ከቀረ ወዲህ ነው እኮ ካዛንቺስ የአዝማሪ ሰፈር ሆኖ የደመቀው። በ2017 ፈረሰ። ያን ሌሊት ያቺን ስንኝ ደጋግመው አስባሉኝ። እኔ ለብቻዬ ተቀምጬ ዓመት ባስብ አላገኛትም። ልጁ ደግሞ መሰንቆው ባይኖር፣ ሰው ባይሰበሰብ አይላትም ነበር። የማን ናት ብትዪኝ የማንም አይደለችም።

ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ ነው እኔ የምፈልገው ነጥብ ያለው። የማንም አለመሆኗ ለአዝማሪው መሸሸጊያ ነበር አይደል? በመሳፍንቱ ቤት በጌታው ፊት ነቀፌታ የሚናገረው አዝማሪ ብቻ ነው ይባላል።

መሰንቆኛው፦ ለሁለቱም መሸሸጊያ ነው። ሰጪው «የዘፈነው አዝማሪው ነው» ይላል፤ አዝማሪው «የተሰጠኝን ነው» ይላል። ቃሉ ሁለቱ መሀል ላይ ስለሚቆም ሊነገር ይችላል። ለብቻ ቢናገሩት የሚያስገርፍ ነገር በዜማ ሲመጣ ጌታውም ስቆ ያልፈዋል፤ ካልሳቀ ገባው ማለት ነውና ይጋለጣል። ሰምና ወርቅ ለጌጥ ብቻ አልተፈጠረም፤ ሰው ለማዳን ነው የተፈጠረው። ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው በእነዚያ አምስት ዓመታት ደግሞ ሳቅ የለም። አዝማሪ በግጥም አርበኛውን ያነሣሣል ተብሎ ሲሳደድ ነበር፤ የተገደሉም አሉ። ጠላት በመሰንቆ አንድ አውታር ይህን ያህል ሲፈራ አስቢው። የፈራው መሣሪያውን አይደለም፤ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት የሚዞረውን የሰው ቃል ነው።

ተማሪዋ፦ ሌላውንም ወገን ግን እንየው ጋሼ። ያው መሸሸጊያ ለስድብም ያገለግላል። እኔ ራሴ አዝማሪ ቤት ገብቼ ሴት ልጅን የሚያዋርድ ግጥም ተሰጥቶ ሲዘፈን ሰምቻለሁ፤ ብሔርን የሚነካም አለ። ገንዘብ ግንባር ላይ ለለጠፈ ሁሉ ደግሞ ውዳሴ ይዘንባል። ዝናን የሚሸጥ ሥራ ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች ጨርሶ ተሳስተዋል?

መሰንቆኛው፦ ስለ ንቀቱ እኔን አትጠይቂኝ፤ በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ። ሠርጉ ያለ እኛ አይደምቅም፤ ባለሠርጉ ግን ልጁን አይድርልንም። የምንበላው ተለይቶ ይቀርብልናል። እርስ በርስ የምንግባባበት የራሳችን ቋንቋ ያለንም በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ፊት ስለ ባለቤቱ መነጋገር ነበረብንና።

ተማሪዋ፦ ዎልፍ ሌስላው የሚባል ምሁር ያንን ቋንቋ ከሌሎች የኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች ጋር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፍ አውጥቶታል።

መሰንቆኛው፦ ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ የምትባል የአዝማሪ መንደር አለች፤ እንደዚያ ባሉ መንደሮች ልጅ አፉን ሲፈታ ሁለቱንም ነው የሚፈታው። አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ክፉ ግጥም ይመጣል፤ ሁልጊዜም ይመጣል። ግን ተቀባይ ቧንቧ አይደለም። የማልቀበለው ግጥም ሲመጣ አውታሩ የላላ አስመስዬ መቃኛውን እይዛለሁ፤ ከባቲ ወደ ትዝታ እስክዞር ሰውየው ይቀመጣል። ወይም እቀበለውና የራሴን ሁለት ስንኝ ጨምሬ መልሼ እሰጠዋለሁ፤ ያኔ የሚሳቀው በሱ ነው። በቤቱ ሁሉ ፊት መሣቂያ ከመሆን የበለጠ ቅጣት የለም። ያ ዳኝነት የአዝማሪው ሥራ ነው። ዳኝነቱን ለገንዘብ የሸጠ አዝማሪ የለም አልልሽም፤ ሞልቷል። ዳኛም የሚሸጥ አለ። ስለዚህ ችሎት ይዘጋ አይባልም።

ተማሪዋ፦ የምዕራብ አፍሪካዎቹንም ሳነብ ተመሳሳይ ነገር ነው ያገኘሁት። በማንዴ ሕዝብ ዘንድ ጄሊ የሚባሉት ዘር ቆጣሪ ዘፋኞች ሙያውን የሚወርሱት በደም ነው። የማሊውን መንግሥት የመሠረተውን የሱንዲያታ ኬይታን ታሪክ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቃል ያቆዩት እነሱ ናቸው። ኮራቸው 21 አውታር አለው። በቅርቡ ያረፈው ቱማኒ ዲያባቴ ቤተሰቡ 71 ትውልድ ኮራ ሲደረድር እንደ ኖረ ይናገር ነበር። እንደዚህ ይፈለጋሉ፤ ሴኔጋል ውስጥ ግን የእነሱን ሬሳ መሬት ውስጥ መቅበር ምድሩን ያረክሳል እየተባለ በባኦባብ ዛፍ ግንድ ውስጥ ይቀበሩ ነበር።

መሰንቆኛው፦ በዛፍ ውስጥ?

ተማሪዋ፦ ባዶ በሆነው የግንዱ ሆድ ውስጥ።

መሰንቆኛው፦ ነገሥታቱን ሁሉ በአፉ ያቆየ ሰው! አየሽ፣ ሰው የራሱን ምሥጢር የያዘለትን ሰው ይፈራዋል፤ የሚንቀው ስለሚፈራው ነው። ግን አንድ ልዩነት ይታየኛል። እነሱ ዘር ይቆጥራሉ፤ ከአባት የተረከቡትን ቃል ሳያጎድሉ ነው የሚያስተላልፉት። አባቴ ለእኔ ያወረሰኝ ቃል የለም። ያወረሰኝ ጆሮ ነው። ቃሉ የዚያን ምሽት ነው፤ በነጋታው ሌላ ነው።

ተማሪዋ፦ በዚህ በኩል ከዚምባብዌዎቹ ሾናዎች ጋር ትቀርባላችሁ። ቢራ በሚሉት ሌሊቱን ሙሉ በሚካሄድ ሥርዓት ላይ ምቢራ የሚባለውን በአውራ ጣት የሚመታ የብረት ምላስ ያለው መሣሪያ ይጫወታሉ፤ የአያቶችን መንፈስ ለመጥራት። የመጣው ሰው ካላጨበጨበ፣ ካልዘፈነ፣ ካልጨፈረ መንፈሱ አይወርድም፤ ተጫዋቹ የቱን ያህል ጎበዝ ቢሆን።

መሰንቆኛው፦ እንዲያ ነው! ጎበዞቹ ተጫዋቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሥራውን የሚጨርሰው ግን ሰዉ ነው። እስቲ መሰንቆውን ያዢልኝ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። አይ፣ እንደዚያ አይደለም። ዘንጉ ላይ አትጫኚ። ጭራው ከዘንጉ ርቆ ነው የተወጠረው፤ ጣትሽ ከጎኑ ይንካው። ቀስ... እ፣ እንዲህ። አሁን ምንም ሳትቃኚ ዝፈኚ።

ተማሪዋ፦ ከፍ አለብኝ፤ ድምፄ አይደርስም።

መሰንቆኛው፦ እንግዲያው መቃኛውን አላሊው። በቃ! መሰንቆ የራሱ የሆነ ቋሚ ድምፅ የለውም። ጉንፋን ይዞሽ እንደሆነ አብሮሽ ይወርዳል፤ ደህና ከሆንሽ ይወጣል። ኪቦርድ ግን «ወደ እኔ ነይ» ይላል። መሰንቆ በኪቦርድ ሲቃኝ ዘፋኙ ወደ ኪቦርዱ መሄድ አለበት። እሱ ይሁን። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ዘፈኑ ተቀናብሯል። እዚህ ጋ ይገባል፣ እዚህ ጋ ይቆማል፣ ሦስት ደቂቃ ላይ ያልቃል። ተቀበል የሚለው ሰው በየት በኩል ይግባ? በር የለውም። ቢጮህስ ድምፅ ማጉያው መቼ ያሰማዋል? አሁን አንዳንድ ቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚያወራውን እንኳ አትሰሚውም። እኔ ስጀምር ማይክራፎን አልነበረም። እኔም ሰዉም እኩል ነበርን፤ ሁላችንም በጉሮሯችን።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልከራከርዎ። መድረኩ ያመጣው ክብርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባለው በትውልዱ ግብፃዊ የሆነ የሙዚቃ ደራሲ እዚህ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ነው መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ አብረው አንድ መድረክ ላይ የተቀመጡት። በኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። ጌታመሳይ አበበን የመሰለ መሰንቆኛ ከዚያ ነው ስሙ የገነነው፤ አሜሪካ ድረስ ሄደው አሳይተዋል። ሰዉ ቲኬት ገዝቶ፣ ዝም ብሎ፣ መሰንቆን ለመስማት ብቻ ተቀመጠ። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት በዚያ ምክንያት ነው። መድረክ ባይኖር አባቴ መሰንቆ እንድማር ይፈቅድልኝ ነበር ብለው ያስባሉ?

መሰንቆኛው፦ አይፈቅድም። እውነትሽን ነው። ጌታመሳይን ደግሞ ማንም ክፉ አይናገረውም፤ ደጋኑ ያለቅስ ነበር። ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው መኖሩ መሰንቆውን አሠልጥኖታል፤ ድሮ ጩኸት ውስጥ የማይሰማ ስስ ነገር አሁን ይሰማል። ያንን አትጣዪው። እኔ የምለው፣ ክብሩ ሲመጣ ሌላው ነገር አብሮ መውጣት ነበረበት ወይ? ነው። አዝማሪው ሙያተኛ ሆነ፤ ጎሽ። ሰዉ ግን ከባለሙያነት ወረደ። ቀድሞ ሁሉም ሰው በመጠኑ ገጣሚ ነበር።

ተማሪዋ፦ ያ ግን በአዝማሪ ቤት ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

መሰንቆኛው፦ አይደለም፣ ልክ ነሽ፤ ሥሩ ሌላ ቦታ ነው። እናቴ ስትፈጭ ታንጎራጉር ነበር። ወፍጮው ላይ ተደፍታ፣ ሌሊት፣ ማንም ሳይሰማት፣ አማቷ የበደለቻትን፣ አባቴ መንገድ ሄዶ የዘገየባትን ሁሉ በስንኝ ትለዋለች። እኔ ተኝቼ እሰማ ነበር። እረኛው ሜዳ ላይ ይላል። ደቦ ሲወጡ አዝመራ እያጨዱ ይባባላሉ። ለቅሶ ላይ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሌላዋ እየተቀበለች የራሷን ሟች ጨምራ ታለቅሳለች፤ የልጇን ሞት ያላወራች ሴት እንኳ እዚያ ታወጣዋለች። ሠርግ ላይ የሙሽራው ወገን የሙሽሪትን ወገን በግጥም ይነካካል። ልጅ ሆነሽ በዚህ ሁሉ ስታልፊ የስንኝ ልክ ደምሽ ውስጥ ይገባል። አዝማሪ ቤት ማለት ይህ ሁሉ ተጠራቅሞ ማታ ማታ የሚፈስበት ወንዝ ነበር። የወፍጮ ሞተር መጣ፤ ጥሩ ነው፣ የእናቶቻችንን ወገብ አዳነ። እንጉርጉሮዋን ግን ይዟት ሄደ። ለቅሶውም ሠርጉም በድምፅ ማጉያ ሆነ። ምንጮቹ ሲደርቁ ወንዙ ምን ይሁን?

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ልቀበል ጋሼ። ታዲያ ጽሑፌን ምን ላድርገው? ርእሱ ጸድቋል።

መሰንቆኛው፦ ርእሱን ተዪው፣ ውስጡን ሙዪው። መሰንቆውን ከምን እንደሚሠራ ጻፊ፤ ዋንዛውን፣ የፍየል ቆዳውን፣ የፈረስ ጭራውን፣ ቅኝቶቹን አራቱንም። ከዚያ ግን ሰዉንም ጻፊው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን አስታውሺ፤ በምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄዶ ድምፁን ሸክላ ላይ ያስቀረጸው። አዝማሪ አልነበረም፣ ባለማዕረግ ነው። ግጥም የሚያውቅ፣ ሲፈልግ ለአዝማሪ የሚሰጥ፣ ሲፈልግ ራሱ የሚዘፍን። ያን ዓይነት ሰው ነው የጎደለን። ትምህርት ቤታችሁ መሰንቆ መምታት ያስተምራል፤ ግጥም መስጠትን የሚያስተምር ክፍል አለ?

ተማሪዋ፦ የለም። ግን የክፍሌን ልጆች ሰብስቤ ልምጣ? ሐሙስ ከሰዓት ባዶ ነን። መሰንቆ የያዘም ያልያዘም፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ስንኝ ይዞ ይምጣ።

መሰንቆኛው፦ ይዞ አይምጣ። ተጽፎ የመጣ ግጥም ይታወቃል፣ ደረቅ ነው። እዚሁ ተቀምጠው፣ ሰው ሲል ሰምተው ይበሉ። የመጀመሪያው ቀን ያሳፍራል፤ ከዚያ በኋላ ማስቆም ነው የሚቸግረው። በይ አንቺ ጀምሪ። መሰንቆውን ለእኔ ስጪኝ።

ተማሪዋ፦ አሁን? ወይ ጉዴ... እሺ። ተቀበል!

መሰንቆኛው፦ እሺ፣ ልቀበል!

ተማሪዋ፦
ወንድሜ ሩቅ ሄዶ ድምፁ በስልክ ቀርቶ፣
እማ ታወራለች ከልጇ ፎቶ።

መሰንቆኛው፦ አወይ አንቺ ልጅ። ግን ሁለተኛዋ አንገዳገደችኝ። «ከልጇ ፎቶ» አምስት ናት፤ አንድ ቀለም ጎድላለች። «ኧረ» ብዬ ልሞላት እችላለሁ፤ ራስሽ ብትሞያት ግን ይሻላል። ፎቶው የት ነው ያለው?

ተማሪዋ፦ ሳሎን፣ ግድግዳ ላይ።

መሰንቆኛው፦ እንግዲያው በዪዋ።

ተማሪዋ፦
ወንድሜ ሩቅ ሄዶ ድምፁ በስልክ ቀርቶ፣
እማ ታወራለች ከግድግዳ ፎቶ።

መሰንቆኛው፦ ሞላች! የልጇ መሆኑን ማን ያጣዋል፣ ላይኛው ነግሮናል። ይህችን በአምባሰል ነው የምላት። ወንድምሽ የት ነው ያለው?

ተማሪዋ፦ ጂዳ።

መሰንቆኛው፦ ስልክሽን አውጪና ቅጂኝ፤ ዛሬ ማታ ላኪለት። እሱም ዝም አይበል፣ መልሱን በሁለት ስንኝ ይላክ፤ ቢሰበርም ግድ የለም፣ እኔ አቃናዋለሁ። ሐሙስ ልጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ የምቀበለው የእሱን ነው።